እድሜ በኮምጣጤ

አዲስ ዕቃ ገዝቶ፣ አዲስነቱን እንደ ነውር ቆጥሮ የሚያስረጅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ቨርጂኒያ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ዕለት ቤቱ ጋብዞኝ ወደ ምድር ቤቱ ይዞኝ ወረደ። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ተፈታቶ ተዘርግቷል። ኮልት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1873 ያወጣውንና በካውቦይ ፊልም የምናውቀውን ሽጉጥ አስመስለው ጣሊያኖች የሚሠሩት ነው። ከሳጥኑ ከወጣ ወር አልሞላውም።

ባልደረባዬ ብረቱን ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙን አስለቀቀው። ጠርዝ ጠርዙን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አሸ፤ የእንጨት እጀታውን በቁልፍ ጫረ፤ ከዚያም ዝገት እንዲይዘው እርጥበት ላይ አሳደረው። በሳምንቱ ዘይት ቀብቶ አሳየኝ።

«እየው፣ 150 ዓመት!» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ጌጥ ነው፣ ማንን ጎዳሁ?» ይላል። ገንዘቡ ነው፤ በመብቱ አልከራከርም። የምከራከረው እድሜን እንደ ቀለም በመቁጠሩ ነው። የእውነተኛው አሮጌ ሽጉጥ ጠርዝ የነጣው ከቆዳ አፎቱ ዘወትር ሲወጣና ሲገባ ነው። እጀታው የለሰለሰው በሰው መዳፍና ላብ ነው። እያንዳንዱ ጭረት ምስክር ነው። ያልኖሩበትን ጭረት መጫር ደግሞ የሐሰት ምስክር ማቆም ነው።

ባልደረባዬ ዛሬ ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን ይናገራል። ከእሱ የሚገዛውም ይናገር ይሆናል። ሦስተኛው ባለቤት ግን? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚህ ላይ ግን ዓመት በተቆጠረ ቁጥር እውነተኛው ዝገት የውሸቱን ዝገት እየሸፈነው ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ ጣሊያን ውስጥ የተፈተሸ መሣሪያ የተፈተሸበትን ዓመት የሚያመለክት የፊደል ምልክት ይታተምበታል። ያቺን ትንሽ ምልክት ግን አንድ ሞረድ ያጠፋታል።

ይህ የአሜሪካኖች ቅብጠት ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። አገባን እንጂ! እኔ ራሴ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከአንድ የጥንታዊ ዕቃ መደብር፣ ብራና ላይ የተሣለ የማርያም ሥዕል ገዝቻለሁ። ጢስ ጢስ ይሸት ነበር፤ የስንት ዘመን ዕጣን ቢሆን ነው ብዬ ተደሰትኩ። ቤቴ ገብቼ አቧራውን በእርጥብ ጥጥ ብጠርገው፣ የመቶ ዓመቱ እድሜ ጥጡ ላይ ቀረ።

የከነከነኝ ገንዘቤ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የእውነት ጥንታዊ የሆነ ብራና ባየሁ ቁጥር እጄ ጥጥ ይፈልጋል። አንድ ቀን የአያቴን ዳዊት ገልጬ፣ አውራ ጣታቸው በየገጹ ጥግ የተወውን ጥቁር እድፍ ሳይ፣ ለአፍታ ጠረጠርኩት። እኚያ ሰው ማለዳ ማለዳ ሲደግሙ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። አፈርኩ። የውሸት እርጅና የሚሰርቀን ይህንን ነው፤ እውነተኛውን የማመን አቅማችንን።

አዲስ ዕቃ አዲስ ይሁን። አሮጌ ዕቃ እንዲኖረው የሚሻ ሰው ይያዘው፣ ይወልውለው፣ ለልጁ ያውርሰው። ቀሪውን ጊዜ ያውቅበታል።