ስንቅና መንገድ፤ ከከዚራ እስከ ብራዚል

አባቶቻችን ሩቅ አገር ለመሔድ ሲነሡ አስቀድመው የሚያሰናዱት ስንቅ ነበር። በሶውና ዳቦ ቆሎው በመንገዱ ቀን ልክ ሳይሰፈር አህያው አይጫንም። የዛሬ መንገደኛ ስንቁ ገንዘብ ሆኗል፤ መስፈሪያውም ባጀት ይባላል። ባለፈው ሰሞን በድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ከወዳጆቻችን ጋር የተከራከርነው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ያነሣው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጃችን ነው። ብራዚልን ለማየት ከተመኘ ቆይቷል። ቅንጦት አልፈለገም፤ ንጹሕ ሆቴል፣ ትኩስ ምግብ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርሰው ደኅና አውቶቡስ ይበቃዋል። ለ12 ቀን ከአይሮፕላን ቲኬቱ ጋር 3,000 ዶላር መደበ። ከደመወዙና ከወላጆቹ ቤት ኪራይ ለብዙ ዓመት እየቆጠበም በ2016 ዓ.ም. 171,000 ብር አጠራቀመ። በዚያን ጊዜ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ፣ ስንቁ ሞልቶ ነበር ማለት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ዓመት ሳይሞላ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለሒሳብ እንዲቀልል 1 ዶላር በ150 ብር ብንይዘው፣ ያው 3,000 ዶላር 450,000 ብር ይጠይቃል። «አካሄዱን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» የሚለው ተረት በወዳጃችን ላይ ደረሰ። ሆኖም ነገሩ ድንገተኛ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ለረዥም ዘመን በ2.07 ብር የቆየው ዶላር በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር እንደ ሆነ ታሪክ መዝግቦታል። ወጪው በዶላር ሆኖ ቁጠባው በብር የሆነ ሰው፣ ግቡን በየጊዜው በአዲሱ ምንዛሪ ካልለካ፣ ጎተራው ሞላ ብሎ ራሱን ያታልላል።

እንግዲህ ወጪውን ከፋፍለን እንመልከት። የመጀመሪያው የአይሮፕላን ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሳን ፓውሎ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ ቦነስ አይረስ መብረር በመጀመሩ መንገዱ በእጅጉ አጥሯል። ይሁን እንጂ ቲኬቱ በብር ቢከፈልም ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ይወጣል። ሁለተኛው የቆይታ ወጪ ነው፤ እዚህ ላይ መንገደኛው ሥልጣን አለው። በብራዚል ምሳን በኪሎ መዝነው የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ስለሚገኙ፣ ሰው የሚከፍለው ሳሕኑ ላይ ላኖረው ያህል ነው። በሌሊት አውቶቡስ የተጓዘም የአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይ ያተርፋል። በካርኒቫል ሰሞን የሔደ ግን ለዚያው አልጋ እጅግ የበለጠ ይከፍላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ቪዛ ነው። ለኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ብራዚል ቪዛ ትጠይቃለች። አንዳንድ ወጣቶቻችን ያችን አገር ወደ ሰሜን አሜሪካ መሸጋገሪያ ሊያደርጓት ስለ ሞከሩ፣ ቆንስሉ ወጣት አመልካች ሲያይ ይመለስ ይሆን ብሎ ቢጠራጠር አይደንቅም። ስለዚህ የባንኩ ደብተር፣ የሥራ ማስረጃውና በሚገባ የተሰላው ባጀት የሰውየውን ቃል የሚደግፉ ምስክሮች ናቸው።

ታዲያ ወዳጃችን ምን ያድርግ? አንዱ ተበደር አለው፤ ሌላው ሐሳቡን እርግፍ አድርገህ ተው አለው። እኛ ግን ፊት ለፊታችን ወደሚታየው ጣቢያ ጠቆምነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር፤ ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ መስመሩ ከግርጌው ቀረ፤ በዚያም አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ እርስዋም ድሬዳዋ ናት። ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የተቀመጥንባት ከዚራ ራስዋ የባጀት ልጅ መሆንዋ ነው። አቅም ሲያጥር መስመር ይለወጣል፣ ቀን ይገፋል፤ መንገዱ ግን አይቀርም።

ወዳጃችን በመጨረሻ 12ቱን ቀን ወደ 7 አወረደው፤ ከተሞቹንም ሳን ፓውሎና ሪዮ ብቻ አደረገ። ሆቴሉንና ምግቡን አልነካም፤ ምክንያቱም ተርቦና ተንገላቶ የታየ አገር እንደ ታየ አይቆጠርም። ከአሥር አንዱን እጅ ለክፉ ቀን ለይቶ፣ ጉዞውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ግቡንም በየሦስት ወሩ በዶላር ሊለካ ወሰነ።

ለወጣት ሠራተኞች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ውጭ አገር የምናየው አበል ከፋይ ሲገኝ ወይም ለስደት ስንነሣ ነው። በራሱ ገንዘብ ሔዶ፣ አይቶ፣ በቀጠረው ቀን ተመልሶ ሥራው ላይ የሚገኝ ወጣት፣ ከኋላው ለሚመጣው ሌላ ኢትዮጵያዊ አመልካች መልካም ስም ትቶለት ይመለሳል።