ወርቁ ሲወጣ የሚጎድለው የት ይመዘገባል?

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። በውጭ ምንዛሪ እጥረት ለኖረ ሀገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዜናው በየሪፖርቱ ግንባር መቀመጡም ተገቢ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ቁጥር ሊቀመጥ ይገባ ነበር፤ በዚያው ዓመት የከርሰ ምድር ሀብታችን በስንት እንደቀነሰ። የሀገር ውስጥ ጥቅል ምርት ሲሰላ የወርቁ ዋጋ ይደመራል፣ ከመሬት የጎደለው ግን አይቀነስም። ላሙን የሸጠ ገበሬ የሽያጩን ገንዘብ ከወተቱ ገቢ ጋር ቢደምረው ዓመቱን ሙሉ የከበረ ይመስለዋል፤ የሚጎዳው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ጉድለቱን መለካት አይቻልም የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። ግብጻዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሳላህ ኤል ሰራፊ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ስሌት ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ክምችቱ በአሁኑ የአወጣጥ ፍጥነት ለስንት ዓመት እንደሚበቃና የወለዱን መጠን። በ5 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የሚበቃ ማዕድን ከሆነ፣ ከማውጫው ወጪ በኋላ ከሚተርፈው እያንዳንዱ 100 ብር 36ቱ ያህል ገቢ ሳይሆን የተሸጠ ሀብት ነው። 10 ዓመት ብቻ ከቀረው 58 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው አዲሱ ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓትም የማዕድን መመናመንን እንደ ምርት ወጪ እንዲቀነስ ያደርጋል።

ክምችታችን በቅጡ አልተጠናም፣ ከወርቁም ብዙው በባህላዊ አምራቾች እጅ የሚወጣ ነው ይባላል። እውነት ነው። ሆኖም ግምት አስቸጋሪ ነው ብሎ ዝም ማለት ጉድለቱን ዜሮ አድርጎ መመዝገብ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ስህተት መሆኑን በእርግጠኝነት የምናውቀው ግምት ነው። አዲስ ክምችት ሲገኝ ዓመቱ ይረዝማል፣ ስሌቱም ይታረማል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ዛሬ የተራበ ሀገር ለነገ አያስቀምጥም የሚለው ነው። ስሌቱ ግን ገንዘቡ በውጭ ባንክ ይቆለፍ አይልም፤ የተሸጠው ሀብት በሌላ ሀብት ይተካ ነው የሚለው። ቦትስዋና የአልማዝ ገቢዋን ከትምህርት፣ ከጤናና ከመንገድ ጋር የሚያስተሳስር የበጀት መለኪያ አበጅታ፣ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፑላ ፈንድ የተባለውን የቁጠባ ፈንድ አቋቁማ ነው የኖረችው። የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ መናጋቷ አልቀረም፤ ትምህርት ቤቶቿና መንገዶቿ ግን አሉ። በፎስፌት ሽያጭ ለተወሰነ ጊዜ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ሀብታሞች ጎን የተሰለፈችው ናውሩ በበኩሏ ያጠራቀመችውን በመጥፎ ኢንቨስትመንትና በብክነት አጥታ፣ መሃል ምድሯ ተቆፍሮ ቀረ። ማዕድኑ በሁለቱም ሀገር ያልቃል፤ ልዩነቱ በምትኩ ምን ተተከለ የሚለው ነው። የወርቅ ገቢያችን ለደሞዝና ለነዳጅ ግዥ ስንት፣ ለትምህርት ቤትና ለመስኖ ስንት እንደዋለ በየዓመቱ ሪፖርት ተለይቶ ቢቀርብ፣ ምክር ቤቱ ስለ በጀት ሲከራከር የሚይዘው ቁጥር ያገኛል።