በእግራቸው ለመሄድ ለሚቸገሩ ሕፃናት የሚሰጥ ርዳታ



ዛሬ በዚህ ዐምድ የማነሣው ነገር ብዙ ቤቶች የሚያውቁት፥ ነገር ግን በአደባባይ የማይናገሩት ነው። ይኸውም ዕድሜያቸው ደርሶ ሳለ መቆምና መራመድ ያልቻሉ ልጆች ጉዳይ ነው።

የምኖረው በአሶሳ ዞን በባምባሲ ነው፤ ሥራዬም የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባልና ሚስት በፍች ነገር ከዳኛ ፊት ቀረቡ። ሚስቲቱ 4 ዓመት የኾነውን ወንድ ልጇን አዝላ ነበር። ባልየው ቃሉን ሲሰጥ፥ ይህ ልጅ እስከ ዛሬ በእግሩ አልቆመም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ዘር የለም፤ ከእናቱ ወገን የመጣ ርግማን ነው ሲል ተናገረ። እኔም እንደ ተናገረው በመዝገብ ጻፍሁ። ሴቲቱ ግን «ልጁን ያየው ሐኪም የለም» ብላ ዝም አለች። ዳኛውም ይህን ሰምተው አስቀድሞ ልጁ በሐኪም ይታይ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ያን ቀን ያፈርሁት በባልየው አይደለም፤ በራሴ ነው። በቤተ ክህነትም በሚሲዮንም ትምህርት ቤት ተምሬ ሳለሁ፥ ስለዚህ ነገር ከርሱ የበለጠ የማውቀው አልነበረኝምና። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን ጠይቄና መጻሕፍትን አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። እግሩ የታመመ ይመስላል እንጂ የተጐዳው እግርን የሚያዝዘው አንጎል ነው። ጉዳቱ ልጁ በማሕፀን ሳለ፥ ወይም በምጥ ጊዜ፥ ወይም ከተወለደ በኋላ በጨቅላነቱ ሊደርስ ይችላል። ያለ ጊዜው መወለድ፥ በምጥ መታፈን፥ የአራስ ልጅ ገላ እጅግ ቢጫ ኾኖ ሳይታከም መቅረት፥ የማጅራት ገትር፥ እንደ እኛ ባለው ቈላማ አገርም ወደ አንጎል የወጣ ወባ ከምክንያቶቹ ውስጥ ይቈጠራሉ። ዊልያም ጆን ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1861 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህን ነገር ለለንደን ሐኪሞች ገልጦ፥ ምክንያቱ አስቸጋሪ ምጥ ነው ብሎ ነበር። ኋላም በ1897 ሲግመንድ ፍሮይድ ጉዳቱ ከምጥ በፊት የጀመረ ሊኾን እንደሚችል ጻፈ። እንግዲህ ርግማን ወይም የእናት ጥፋት ነው የሚል ቃል ከሕክምና ወገን ምስክር የለውም።

ወላጆች ሊያስተውሉት የሚገባ ምልክት አለ። በ4 ወሩ አንገቱን የማያጸና፥ በ9 ወይም በ10 ወሩ ብቻውን የማይቀመጥ፥ ሲያነሡት እግሮቹ ደርቀው እንደ መቀስ የሚጠላለፉ፥ አንድ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ልጅ ቢኖር ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ። ቀድሞ የቻለውን ነገር እየተወ የሚሄድ ልጅ ከኾነ ግን ሕመሙ ሌላ ሊኾን ስለሚችል ይልቁንም መፍጠን ያሻል።

የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየሰፋ አይሄድም። ነገር ግን አጥንት ሲረዝም የደረቀው ጡንቻ እኩል ስለማይከተለው፥ ያልተረዳ ልጅ ተረከዙ ከመሬት ይነሣል፤ ጕልበቱም ይታጠፋል። በአንጻሩ የሕፃን አንጎል በልምምድ የሚማር ነው። የፊዚዮቴራፒ ሥራም በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ቀድሞ ሕክምናው ልጁን አጋድሞ እግሩን መሳብና ማሸት ብቻ ይመስል ነበር። አሁን ግን መሄድን የሚያስተምረው መሄዱ ራሱ፥ መቆምንም የሚያስተምረው መቆሙ መኾኑ ታውቋል። ልጁ ሌላ ሰው እያንቀሳቀሰው ሳይኾን በራሱ ኀይል ሲጥር ይሻሻላል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ከልጁና ከወላጆቹ ጋር አንድ ትንሽ ግብ ይመርጣል፤ ለምሳሌ ከመደቡ ተነሥቶ እስከ ደጃፉ መድረስ። ከዚያም ልጁ ከዝቅተኛ በርጩማ እየተነሣ ይቆማል፤ ደግሞም ይቀመጣል። ግድግዳ ይዞ ወደ ጎን ይራመዳል፤ በኋላም በሁለት አግዳሚ እንጨቶች መካከል ይሄዳል። ይህን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት፥ በጨዋታ መልክ ማድረግ፥ በወር አንድ ጊዜ ብዙ ከመድከም ይበልጣል። እግሩን በግድ መጐተትና ማሳመም ግን አይገባም። ቍርጭምጭሚቱን የሚያጸና ድጋፍ የሚያሻው ልጅ ለልኩ ይሠራለታል፤ ሲያድግም ይለወጥለታል።

ኹሉም ልጅ ይሄዳል ብዬ ግን አላታልላችሁም። ከ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ሐኪሞች እነዚህን ልጆች በ5 ደረጃ ይመድቧቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ደረጃዎች ያሉት ያለ ድጋፍ ወይም በድጋፍ ይራመዳሉ፤ በቀሩት 2 ደረጃዎች ያሉት ግን በአብዛኛው ተሽከርካሪ ወንበር ያሻቸዋል። 2 ዓመት ሳይሞላው ብቻውን የተቀመጠ ልጅ የመሄዱ ተስፋ ትልቅ ነው። መሄድ የማይችለውም ቢኾን የዳሌው አጥንት እንዳይወልቅ በየጊዜው ይመርመር። ተሽከርካሪ ወንበርም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ነውና ለቤተ ሰቡ ነውር አይደለም።

በአገራችን ይህ ርዳታ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የመጣ አይደለም። በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ድርጅት በ1962 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተመሥርቶ አካላቸው የተጐዳ ልጆችን ሲረዳ ኖሯል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በአሶሳም የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ።

ያች ሴት ልጇን ወደ አሶሳ ወሰደችው። ባለሙያውም ለቤት የሚኾን ልምምድ አሳይቶ፥ ሁለት አግዳሚ በግቢው እንዲተከልለት አዘዘ። ባልና ሚስቱ ታረቁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ አልታረቁም። ነገር ግን ርግማን ነው ያለው አባት ከባምባሲ ዱር ቀርከሃ ቈርጦ አመጣና አግዳሚውን በገዛ እጁ ተከለ። አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ልጁን ያለማምደዋል። ልጁ ዛሬ የቀርከሃ መራመጃ ይዞ ከቤቱ እስከ አጥሩ በር ይደርሳል። ቶሎ ይደክመዋል፤ አንዳንድ ቀንም ይወድቃል፤ ነገር ግን ይነሣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት እናቱ ስትነግረው ይሥቃል።

እናንተ በሥልጣንና በማዕርግ ያላችሁ ክቡራን ሆይ፤ ይህ የእናት ሸክም ብቻ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፥ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጕዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። ኢትዮጵያም የአካል ጕዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 676 ተቀብላዋለች። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤታችሁ ልጇን ይዛ ወደ ማዕከሉ ለምትሄድ ሠራተኛ ፈቃድ ስጡ፤ ትምህርት ቤት ስታሠሩም ከደረጃው ጎን ለተሽከርካሪ ወንበር የሚኾን ተዳፋት መንገድ አሠሩ። ከኹሉ አስቀድሞ ግን በገዛ ቤታችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ ቤት እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ካለ፥ ከጓዳው አውጡትና ሐኪም ዘንድ አድርሱት።