ገበያ ወጥተህ ምን ገዛህ?

ከላሊበላ በተመለስኩ ማግስት እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቅዳሜ ገበያ ወጥተን ነበር አልከኝ፤ ምን ገዛህ?» ፎቶ እንዳነሳሁ ነገርኳት። እንዴት እንዳየችኝ አትጠይቁኝ።

ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ገና ነው። በዓሉ ሰኞ ስለዋለ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 27 ገበያው ጢም ብሎ ነበር። በግ የሚጎትት፣ ዶሮ የታቀፈ፣ ገብስና ባቄላ የሚሰፍር፣ ጌሾ የሚያገላብጥ። ከአዲስ አበባ የሄድን ስድስት ጓደኛሞች ካሜራችንን ደግነን መሃል ገባን። አንዲት ምስር የሚሸጡ እናት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። አንዱ ጓደኛችን «አይዞዎት እማማ፣ ቆንጆ ነዎት!» አላቸው። እሳቸውም «ምስር ልስፈርልህ ልጄ?» አሉት። ስቀን አለፍን። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ቅርሶች ናቸው፤ ጎብኚ ከፍሎ ያያቸዋል። የምስሯ እናት ግን ትኬት አይቆርጡም። ከገበያ የሚያገኙት ምስራቸው ሲሸጥ ብቻ ነው። ስለዚህ «ገበያ ልጎበኝ ነው» የሚል ሰው መጀመሪያ ዘንቢል ይያዝ ባይ ነኝ።

ፈረንጅም በዚህ ነገር ተቸግሯል። ባርሴሎና ውስጥ ላ ቦኬሪያ የሚባል ስመ ጥር የምግብ ገበያ አለ። ተመልካቹ በዝቶ የሰፈሩ ሸማች መተላለፊያ ሲያጣ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 ሰው ያላነሰ የጎብኚ ቡድን ዓርብና ቅዳሜ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ እንዳይገባ ከለከለች። አንዳንዱ ነጋዴም ተቆራርጦ በኩባያ የቀረበ ፍራፍሬና ጭማቂ ወደ መሸጥ ዞረ። ምን ያድርግ? ሆቴል የሚያድር ሰው ዓሣ ገዝቶ የት ይጠብሰዋል?

«የኛ ችግር የጎብኚ መብዛት ነው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የኛ ተቃራኒው ነው። ኮቪድ መጣ፤ በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ጋሸና መጋጠሚያ በመሆኗ ብቻ እስከ ኅዳር 2014 የውጊያ ሜዳ ሆነች፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ግጭት ተነሳ። ጎብኚ ሲሳሳ ግን ባዶ እጁን የሚመለሰው ሰው ይበልጥ ይጎዳል እንጂ አይቀልም።

ስለ ጋሸና ካነሳሁ አይቀር፣ የግብይት ትምህርት ያገኘሁት እዚያ ነው። ከወልዲያ ወደ ወረታ በሚወስደው፣ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ላይ ያለች ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት፤ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው እዚህ ነው። ማንም ፎቶ አያነሳትም። ስንመለስ መኪናችን ቆመ፤ መንገድ ዳር ድንች በመደብ በመደብ ተደርድሯል። አንዱ ጓደኛችን ወርዶ የተጠራለትን ዋጋ ሳይጠይቅ ከፈለ። ደግነት መስሎታል። ቀጥለው የመጡት የአገሩ ሰው ዋጋ ሲጠይቁ ግን ያው የሱ ዋጋ ተጠራባቸው! ሰውዬው ሻጯን «ኧረ እታለም!» ብለው ክርክር ጀመሩ። ስለ ልጆቿ ጠየቁ፣ ስለ ውርጩ አወሩ፣ ሄድ ብለው ተመለሱ። በመጨረሻ ዋጋው ወረደ፤ እሷም ሦስት ድንች ምርቃት ጣለችላቸው። ጓደኛችን ምርቃት አላገኘም። ለነገሩ አልጠየቀም።

ተከራከሩ ስል ግን ልክ አለው። ለሆቴል አልጋ የተባለውን ሁሉ ከፍለን፣ ጉሊት ላይ የተቀመጠች እናት ዘንድ ለአንድ ብር ሙግት ስንገጥም አይቻለሁ። እሱ ክርክር አይባልም፤ ስም አለው፣ እዚህ አልጽፈውም።

እናቴ ለሚቀጥለው ጉዞ ከወዲሁ ዝርዝር ሰጥታኛለች፦ ምስር፣ ጌሾ፣ የላስታ ነጭ ማር። ማሩን ሳትቀምስ እንዳትገዛ ብላለች። ምስሩን ከማን እንደምገዛ እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸውን ካገኘኋቸው።