ከዝርዝሩ የተሰረዘችው ከተማ

ኪዮቶ ዛሬም ቆማለች። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የጃፓን ንጉሠ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ከተማ መቅደሶቿም፣ የእንጨት ቤቶቿም፣ ጠባብ መንገዶቿም እንዳሉ ናቸው። በ1945 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ሜይ 10 እና 11 በሎስ አላሞስ፣ የቦምቡን ቤተ ሙከራ በሚመሩት በሮበርት ኦፐንሃይመር ቢሮ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችና መኮንኖች ግን አቶሚክ ቦምብ ይጣልባቸው ካሏቸው ከተሞች ራስ ላይ ያስቀመጧት እርሷን ነበር። ምክንያታቸው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ሚሊዮን ሕዝብ ያላት የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ ሌሎች ከተሞች ሲቃጠሉ ሰዉም ፋብሪካውም ወደዚያ እየሸሸ ነው፤ ደግሞም የአገሪቱ የዕውቀት ማዕከል ስለሆነች ነዋሪዎቿ የመሣሪያውን ትርጉም ከሌላው ይልቅ ይረዳሉ። ይህን የመጨረሻውን ምክንያት ባነበብኩት ቁጥር ማለፍ ያቅተኛል። የሰዎቹ መማር ለመቃጠል አስመረጣቸው።

ኪዮቶን ያዳኗት የ77 ዓመቱ የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ናቸው። ሜይ 30 ቀን የቦምቡን ሥራ የሚመሩትን ጄኔራል ሌስሊ ግሮቭስን ቢሯቸው ውስጥ አግኝተው ዝርዝሩን አሳየኝ አሏቸው። ጄኔራሉ አስቀድሞ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ማርሻል ሊያዩት ይገባል ብለው ሊያዘገዩ ሞከሩ፤ ስቲምሰን ግን ሰው ልከው አስመጡት። የኪዮቶን ስም እንዳዩ “አይሆንም” አሉ። በ1920ዎቹ ከተማዋን ጎብኝተዋታል። ግሮቭስ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም፤ ተመላልሰው አነሱት። በመጨረሻ ስቲምሰን ነገሩን ጀርመን ውስጥ እስካለችው እስከ ፖትስዳም ድረስ ይዘው ሄደው ጁላይ 24 ቀን ለፕሬዚዳንት ትሩማን አቀረቡት። ይህች ከተማ ከጠፋች ጃፓኖች ቂማቸው እስከ መቼም አይበርድም፣ ከእኛም ይልቅ ወደ ሩሲያ ያዘነብላሉ ብለው አስረዱ። ትሩማን ተስማሙ። ኪዮቶ ወጣች፣ በዝርዝሩ ላይ ናጋሳኪ ገባች።

ከዚህ የጀመርኩት ያለ ነገር አይደለም። “አሜሪካ አቶሚክ ቦምብ ለምን ጣለች?” የሚለው ጥያቄ 80 ዓመት ሲያከራክር ኖሯል፤ ተከራካሪዎቹም ሁሉ አንድ ነገር እንደተረጋገጠ አድርገው ይነሳሉ። ይኸውም ሰዎች አንድ ቀን ጠረጴዛ ከበው፣ “እንጣል ወይስ አንጣል?” ብለው፣ ግራና ቀኙን መዝነው ወሰኑ የሚለው ነው። እኔ ያን ቀን ፈልጌ አላገኘሁትም። ያገኘሁት መቼ፣ የት፣ ከየትኛው ከፍታ የሚል ውይይት ነው። ሰው በግልጽ አስቦበት፣ ስሙን አስይዞ የወሰነው ውሳኔ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ሲሆን ሁለቱም ያለመጣል ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛው የኪዮቶ ነው።

ሃሪ ትሩማን ኤፕሪል 12 ቀን ሩዝቬልት በድንገት ሲሞቱ ሥልጣን ያዙ። ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ስለ ቦምቡ በወጉ የነገራቸው አልነበረም፤ ሙሉውን የሰሙት ኤፕሪል 25 ነው። በዚያን ጊዜ ፕሮጀክቱ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ እየጨረሰ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሠራተኛ ይዞ፣ ዩራኒየሙን በብዛት ከኮንጎው የሺንኮሎብዌ ማዕድን እያስመጣ ነበር። (የእኛ አህጉር በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ ከምድር የተቆፈረው ድንጋይና የቆፋሪዎቹ ጉልበት ነው፤ ይህ ሊረሳ አይገባም።) የሥራው መነሻ የሂትለር ፍርሃት ነበር። አንስታይን በ1939 ለሩዝቬልት የጻፉት ደብዳቤ ያስጠነቀቀው ጀርመን እንዳትቀድመን ብሎ ነው። ሜይ 8 ቀን 1945 ጀርመን እጅ ሰጠች። የተፈራው ሂትለር ሞቷል፣ ሥራው ግን ይባስ ተፋጠነ። እንደዚያ ያለ ድርጅት አንዴ ከተነሳ፣ ቁልቁል እንደተለቀቀ ድንጋይ፣ የሚያስቆመው ከፊቱ የሚቆም ሰው ብቻ ነው።

ሊቆሙ የሞከሩ አልጠፉም። ጁን 11 ቀን በጄምስ ፍራንክ የሚመሩ የቺካጎ ሳይንቲስቶች መሣሪያው በመጀመሪያ ሰው በሌለበት ስፍራ ለዓለም ይታይ ብለው ጻፉ። ሊዮ ዚላርድ፣ ያንን የአንስታይንን ደብዳቤ ያነሳሱት ሰው፣ በጁላይ 70 ፊርማ ያለው አቤቱታ አዘጋጁ። አቤቱታው ጄኔራል ግሮቭስ ዘንድ ሰነበተ እንጂ ትሩማን እጅ አልደረሰም። መሣሪያው ያለ ማስጠንቀቂያ ይጣል የሚል ምክር ያቀረበው ኮሚቴ ደግሞ በሜይ 31 ስብሰባው ሰው ሳይገደል ኃይሉን ስለማሳየት የተነጋገረው በምሳ ሰዓት ነው። ባይፈነዳስ? የጦር ምርኮኞቻችንን ቦታው ላይ ቢያደርጓቸውስ? ተባለና ምሳው ሲያበቃ ወሬውም አበቃ።

አሁን ለመጣሉ የሚቀርበውን ጠንካራ መከራከሪያ ላንሳው፤ ቀላል አይደለምና። ኦኪናዋ ላይ ከኤፕሪል እስከ ጁን በተካሄደው ውጊያ ከ12 ሺህ በላይ አሜሪካውያን፣ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ወታደሮችና ቁጥሩ ከዚያ የማይተናነስ የደሴቲቱ ነዋሪ አለቀ። ቀጣዩ የጃፓን ደሴት ኪዩሹ ነበር፤ ዘመቻው ለኖቬምበር 1 ተቆርጧል። ጁን 18 በዋይት ሐውስ በተደረገው ስብሰባ ትሩማን ከጃፓን ዳር እስከ ዳር ሌላ ኦኪናዋ እንዳይሆን እንደሚመኙ ተናግረዋል፤ ይህ ስጋት የምር ነበር። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ሰዎች አሉ። በጃፓን ጦር ሥር ያሉ ቻይናውያን፣ ኢንዶኔዥያውያንና ቬትናማውያን በየወሩ በረሃብና በግፍ ይረግፉ ነበር። ማኒላ ላይ በፌብሩዋሪና በማርች ብቻ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰላማዊ ሰው ሞቷል። ጦርነቱ አንድ ወር ቀድሞ ማለቁ ለእነዚህ ሰዎች ሕይወት ነው። ይህን አልክድም፤ የሚክድ ሰውም ፍርዱን አላምነውም።

ነገር ግን የዚህ መከራከሪያ መለያ የሆነው ቁጥር፣ “የሚሊዮን አሜሪካዊ ጉዳት አዳንን” የሚለው፣ ከቦምቡ በፊት የተመዘነ ሚዛን አይደለም። በጁን 18ቱ ስብሰባ ላይ ጄኔራል ማርሻል ያቀረቡት የኪዩሹ የመጀመሪያ 30 ቀን ጉዳት በፊሊፒንሷ ደሴት በሉዞን ከደረሰው ከ31 ሺህ ገደማ አይበልጥም የሚል ነበር። ሚሊዮኑ በሰፊው የተሰማው ስቲምሰን በፌብሩዋሪ 1947 በሃርፐርስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን እንዲጽፉ የገፋፏቸው የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንት ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸው በኮሚቴው ውስጥ የነበሩ፣ ሕዝቡ መጠየቅ መጀመሩ ያሳሰባቸው ሰው። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ምክንያት እንግዲህ ከሥራው በኋላ፣ ለተነሳ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ የተደራጀ ነው። በ1955 በወጣው የትሩማን ማስታወሻ ደግሞ የዳነው ግማሽ ሚሊዮን የአሜሪካ ነፍስ ሆነ።

ሌላው ወገን፣ በተለይ ከታሪክ ጸሐፊው ከጋር አልፔሮቪትዝ የ1965 መጽሐፍ ወዲህ፣ ዒላማው ስታሊን ነበር ይላል። በሙሉው አልቀበለውም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ በርንስ ቦምቡ ሶቪየቶችን ያለዝባል ብለው ማሰባቸው፣ ጦርነቱም ሞስኮ ሳትገባበት እንዲያልቅ መፈለጋቸው እውነት ነው። አሜሪካኖች የጃፓንን የምስጢር ቴሌግራም ይፈቱ ስለነበር ቶኪዮ በሞስኮ በኩል ሽምግልና እንደምትፈልግ፣ እንቅፋቱም “ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ ስጡ” የሚለው ቃል እንደሆነ ያውቁ ነበር። ስቲምሰን ጃፓን እጅ እንድትሰጥ በሚጠይቀው የፖትስዳም መግለጫ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸው ላይ ሊቆዩ እንደሚችሉ የሚጠቁም ሐረግ እንዲገባ ፈልገው ነበር፤ ጁላይ 26 ሲወጣ ሐረጉ የለም። ይህ ሁሉ ግን ቀድሞ የሚሮጠውን ነገር ላለማስቆም ተጨማሪ ምክንያት ሆነ እንጂ ያንቀሳቀሰው ሞተር አልነበረም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ሩዝቬልት ጦርነቱ በጀመረበት ዕለት፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ተፋላሚዎች ሁሉ የሰላማዊ ሰው መኖሪያ ከአየር እንዳይደበድቡ ተማጽነው ነበር። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1945 ማርች 9 ሌሊት፣ የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላኖች ቶኪዮ ላይ የእሳት ቦምብ አዝንበው በአንድ ሌሊት ወደ መቶ ሺህ ሰው ጨረሱ። አቶሚክ ቦምቡ በደረሰ ጊዜ ወሰኑ ታልፏል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ እናውቀዋለን። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማ ሳለ ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ ይፕሪት የተባለውን መርዝ በሰውና በከብት፣ በወንዝና በሜዳ ላይ ረጨች። የሙሶሊኒም ስሌት ጦርነቱን በቶሎ መጨረስ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ ይህንኑ ዘርዝረው ተናገሩ፤ ዓለም አዳምጦ ተበተነ። “ቶሎ እንዲያልቅ” የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚፈቅድ የምናውቀው በገዛ አባቶቻችን ቆዳ ነው።

ትሩማን ጁላይ 25 ቀን በግል ማስታወሻቸው ላይ ዒላማው ወታደራዊ ብቻ እንዲሆን፣ ሴቶችና ሕፃናት እንዳይሆኑ ለስቲምሰን መንገራቸውን ጽፈዋል። በዚያው ቀን የወጣውና ግሮቭስ ያረቀቁት ትእዛዝ ግን ከኦገስት 3 ገደማ በኋላ የአየር ጠባዩ እንደፈቀደ በዝርዝሩ ላይ ካሉት አራት ከተሞች በአንዱ ላይ ይጣል፤ ተጨማሪዎቹም ተሠርተው እንዳለቁ ይቀጥሉ ይላል። የትሩማን ፊርማ የለበትም። ሂሮሺማ ላይ የተተኮረበት ነጥብ የጦር ሰፈር ሳይሆን መሐል ከተማ ያለው የአዮይ ድልድይ ነበር፤ ቅርጹ ቲ ስለሆነ ከሰማይ በግልጽ ይታያል። ኦገስት 6 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 የተጣለው ቦምብ ከድልድዩ ጥቂት ስቶ ሺማ ከሚባለው ሆስፒታል በላይ፣ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፈነዳ። ዓመቱ ሳያልቅ 140 ሺህ ያህል ሰው ሞተ።

ሁለተኛው ቦምብ ደግሞ ይብሳል። ትሩማን ለብቻው አላዘዙበትም፤ ከቶም አልተጠየቁም። ለኦገስት 11 ታስቦ የነበረው የአየር ትንበያው ስለከፋ፣ አውሮፕላኖቹ በሚነሱባት በቲኒያን ደሴት፣ ወደ 9 ተሳበ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኮኩራ ከተማ ነው። ደመናና ጭስ ስለሸፈናት ሦስት ጊዜ ዞሮባት ተዋት፣ ነዳጁ እያለቀም ወደ ናጋሳኪ ታጠፈ። ስቲምሰን ኪዮቶን ባያስወጧት ኖሮ ስሟ በዝርዝሩ ላይ በማይገኝ ከተማ፣ ኡራካሚ ከሚባለው ትልቅ ካቴድራል አጠገብ፣ 70 ሺህ ያህል ሰው ያለቀው እንዲህ ነው።

በዚያው ሌሊት ቶኪዮ ውስጥ የጦር ምክር ቤቱ ሦስት ለሦስት ተከፈለ፤ ሶቪየት ኅብረት ጦርነት ካወጀች ገና አንድ ቀን ያህል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሂሮሂቶም ራሳቸው ገብተው እጅ እንስጥ አሉ። ቦምቡ ነው ወይስ ሶቪየት የሚለውን ለታሪክ ሊቃውንት እተወዋለሁ፤ በእኔ ዓይን ሁለቱን መነጣጠል አይቻልም።

ሁለተኛው ያለመጣል ውሳኔ የመጣው በማግስቱ ነው። ኦገስት 10 ግሮቭስ ቀጣዩ ቦምብ ከኦገስት 17 ወይም 18 በኋላ ሊጣል እንደሚችል ለማርሻል ጻፉ። ማርሻል ከወረቀቱ ግርጌ በእጃቸው መለሱ፤ ያለ ፕሬዚዳንቱ ግልጽ ፈቃድ ጃፓን ላይ አይጣልም። በዚያ ቀን ትሩማን ለካቢኔያቸው ሌላ መቶ ሺህ ሰው ማጥፋት እንደሚዘገንን፣ እነዚያን ሕፃናት ሁሉ መግደል እንደማይወዱ ሲናገሩ በስብሰባው የነበሩት የንግድ ሚኒስትሩ ሄንሪ ዋላስ በማስታወሻቸው መዝግበዋል። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ስቲምሰን የሂሮሺማን የአየር ፎቶግራፎች አሳይተዋቸው ነበር። ስቲምሰን ኪዮቶን በዓይናቸው አይተዋል፤ ትሩማን ደግሞ የሂሮሺማን ፍርስራሽ። ያዩ ሰዎች እምቢ አሉ።

የአሜሪካ ኑክሌር እስከ ዛሬ ድረስ በፕሬዚዳንቱ እጅ የመኖሩ መነሻ ያ በእጅ የተጻፈ መስመር ነው። ሲጻፍ ልጓም ነበር፤ ጄኔራሎች በገዛ እጃቸው እንዳይጥሉ ይከለክላል። ዛሬ ግን ያው ሥልጣን አንድ ሰው ካቢኔውንም ምክር ቤቱንም ሳይጠይቅ ማስወንጨፍ ይችላል ማለት ሆኗል። የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ በኖቬምበር 2017 ጉዳዩን አንስቶ መከረበት፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። በዓለም ላይ በዘጠኝ አገሮች እጅ ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ የኑክሌር አረር አለ። በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው የጃፓን ተጎጂዎች ማኅበር ኒሆን ሂዳንክዮ አባላት ዛሬ በአብዛኛው የሰማንያና የዘጠና ዓመት አዛውንቶች ናቸው፤ ያዩት እያለቁ ነው።

ስቲምሰን ስለ አንዲት ከተማ ለመከራከር ከሜይ 30 እስከ ጁላይ 24 ድረስ 55 ቀን አግኝተው ነበር። ሚሳይል ተተኩሶብሃል የሚል መልእክት የደረሰው የዛሬ ፕሬዚዳንት ለመወሰን የሚኖረው ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።