ስንተኛው ሰባት?

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ላፕቶፕ አይደለችም፤ መጫወቻ ናት።»

ይህን ያለኝ መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ አልጋ በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግንና የሚሸጥ ልጅ ነው። ትንሿን ላፕቶፔን የሞተች አይጥ እንደሚያወጣ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏታል። የሄድኩት የቻርጀር መሰኪያዋ ላልቶ ሲነካ እየቆረጠ ስላስቸገረኝ ነበር። ምክር አልጠየቅሁም። እሱ ግን ገና ብሎኑን ሳይፈታ ፍርዱን ሰጠ። «ከአይ ሰቨን በታች መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አንድ አሪፍ ስላይትሊ ዩዝድ አለኝ፣ ላሳይዎት?»

ልጁ ብቻውን ቢሆን ሰምቼ እንዳልሰማ አልፈው ነበር። የቢሮ ባልደረባዬም ይህንኑ ብሎኛል። ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ስሙን እንኳ ያልነገረኝ ሰውዬ ብሎኛል። ፊደል ያስቆጠርኩት የእህቴ ልጅ እንግዳ ፊት ብሎኛል። ቴሌግራም ላይ ላፕቶፕ የሚሸጡትማ ሌላ ቋንቋ የላቸውም፤ ከላይ «ኮር አይ ሰቨን»፣ ከጎኑ ሦስት የእሳት ምልክት፣ ከታች «ለአርክቴክት፣ ለኮዲንግ፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ለጌም፣ ለተማሪ፣ ለቢሮ»። ለዚህን ያህል ነገር ይሆናል የተባለ ዕቃ ከዚህ በፊት የማውቀው መርካቶ በድምፅ ማጉያ የሚሸጠውን ቅባት ብቻ ነው። እሱም ለራስ ምታት፣ ለቁርጥማትና ለጥርስ እኩል ያገለግላል።

ከጎኔ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ አብራቸው ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። ልጁ የእኔን መጫወቻ ገለል አድርጎ አንድ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ጠርዙ የተፋፋቀ ላፕቶፕ ፊታቸው ዘረጋ።

«ማዘር፣ ይሄ አይ ሰቨን ነው።» ልክ «ይሄ ሰውዬ ዶክተር ነው» እንደሚባለው።

«ሰባት ጥሩ ነው?»

«ዋናው እሱ ነው ማዘር። ሦስት አለ፣ አምስት አለ፣ ሰባት አለ።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ ክፍል፣ አምስተኛ ክፍል፣ ሰባተኛ ክፍል፤ ይኼማ ለማንም ይገባል። ልጃቸውን ከሰባት በታች ሊያስገቡ ነው? እዚህ ላይ አላስችል አለኝ። «የኔ ልጅ፣ ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» አልኩት።

«ያው ነው ጋሼ። አይ ሰቨን አይ ሰቨን ነው።»

በአምስት ቃል የአገሩን የላፕቶፕ ገበያ ጠቅልሎ አስረከበኝ። አይ ሰቨን አይ ሰቨን አይደለም! ኢንቴል ይህን ስም ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ ትውልድ እየወጣ አሮጌውም አዲሱም በዚያው በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል። ስሙ የክፍል ደረጃን ይናገራል፣ ዘመንን አይናገርም። «አንደኛ የወጣ ተማሪ» ብሎ ዓመቱን እንደመሸሸግ ነው፤ የዛሬ አርባ ዓመት አንደኛ የወጣው ሰውዬ ዛሬ ጡረተኛ ሊሆን ይችላል።

ልጅቷን «ሴቲንጉን ክፈቺና አባውት የሚለው ውስጥ ግቢ» አልኳት። ከልጁ በፊት ጣቷ ደረሰ። ከአይ ሰቨን ቀጥሎ «4600ዩ» ይላል። ከሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው ትውልድ ድረስ የቁጥሩ የፊተኛው አሃዝ ትውልዱ ነው፤ ከአሥረኛው ወዲህ ደግሞ የፊተኞቹ ሁለቱ። አራተኛ ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ። ልጅቷ ያኔ ገና ሙአለ ሕፃናት ነበረች። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ኃይል እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራው ዓይነት መሆኑን ትናገራለች፤ ኮሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በዚያው ትውልድ አራት ኮር ያለውና 47 ዋት የሚበላ አይ ሰቨንም ነበር። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ ሰባትና ሰባት እኩል አልነበሩም።

የእኔዋ መጫወቻ ውስጥ ያለው ኤን 100 ይባላል። ማዕረግ የለውም፤ የአውቶቡስ መስመር ቁጥር ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ የተመደበለት ኃይል 6 ዋት የሆነ ነው። ያ ባለማዕረግ 15 ዋት ይፈልጋል። አራቱም ኮር አብረው ሲሠሩ ይህ ስም የለሽ ያንን ሰባት በግልጽ ይቀድመዋል። ይህንን ለልጁ ነገርኩት። ሳቀ። ሳቁ ደግ ነበር፤ አያቱ ስለ ጣሊያን ጊዜ ሲያወሩ የሚስቀው ዓይነት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂት ልዩ ዓይነቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ እኚህ እናት ከነማዕረጉ የሚገዙት ሰባት የዛሬውን ዊንዶውስ በር ሲያንኳኳ «ማን ልበል?» የሚባል ነው። የአውቶቡስ ቁጥር የሚመስለው የእኔው ኤን 100 ግን ይገባል። እርግጥ ልጁ ክልከላውን ዘልሎ ይጭነዋል፤ ለዚያ ለዚያማ እጁ ወርቅ ነው።

እናትየው ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ጠየቁ። «መብራት ሲሄድስ?»

«ባትሪው አሪፍ ነው ማዘር። አንድ ሰዓት ይይዛል።»

አንድ ሰዓት! አሪፍ! ለስንት ሰው አንድ ማከፋፈያ በሚደርስበት የዩኒቨርሲቲ ዶርም፣ ፈተና ሲደርስ መብራት ድርግም በሚልበት አገር፣ አንድ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አሪፍ ተባለ። ላፕቶፕ ያለ ሶኬት የማይሠራ ከሆነ ዴስክቶፕ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ተሸክሞ ወደ ላይብረሪ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ቻርጀሩን አነሳሁት፤ የበርበሬ መውቀጫ ዘነዘና ነው። ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ ይጠጋል ብል አላጋነንኩም።

ትንሿ ላፕቶፕ ስልኬ በሚሞላበት በዚያው ዓይነት መሰኪያ ትሞላለች። ባለቤቴ ከአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ማኅደር ሰፍታላታለች፤ የድሮ ሰው ዳዊቱን እንደሚይዝ በብብቴ ሸጉጬ እወጣለሁ። ለሦስት በተሠራው የሚኒባስ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ስቀመጥ ጭኔ ላይ ማንንም ሳታስቸግር ትተኛለች። ረዳቱ አይቷት እንኳ አያውቅም፤ ለዕቃ የሚያስከፍለኝም የለም። ጠዋት ቡና ሳይፈላ እከፍታታለሁ፣ ከሰዓት ሰው ስጠብቅ እከፍታታለሁ፣ ማታ መብራት ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ያለችው ብርሃን እሷ ናት። ልጆቹ በእሷ ብርሃን ሻማ ይፈልጋሉ።

ምን እሠራባታለሁ? እጽፋለሁ። በፓወር ግዕዝ ይሁን በኪማን አማርኛ መጻፍ የፕሮሰሰር ላብ አያወጣም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ቃሉ ብቻ ቢቀመጥ 30 ኪሎባይት አይሞላም፤ ስልካችሁ ላይ ካለች አንዲት «እንደምን አደራችሁ» ከምትል የአበባ ሥዕል ያንሳል። ይህን ለመጻፍ ነው አይ ሰቨን ያስፈልግሃል የምባለው። የእህቴ ልጅም ባለ አይ ሰቨን ነው፤ ባለፈው ቤቱ ስሄድ የአምስት ሰው የዕቁብ ዝርዝር በኤክሴል ይሠራበት ነበር። ማራገቢያው እንደ ሄሊኮፕተር ይጮኻል።

ጉድለቷን የደበቅሁ እንዳይመስላችሁ። ጉድለቷን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ራሟ 4 ጊጋባይት ነው፤ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ልጨምር ብትል መግቢያ የለውም። ብሮውዘር ላይ አሥራ ሁለት ገጽ ከከፈትኩባት እንደ ደከማት በቅሎ ቆም ትላለች፤ ብትገፋትም ብትለምናትም ያው ናት። ማከማቻዋ 64 ጊጋባይት፣ እሱም የተበየደ። ባለፈው ግንቦት አፕዴት ላድርግ ብላ ቦታ አጣች። ይህን ሰርዝ፣ ያንን ሰርዝ እያለች ስትለምነኝ አንድ ቀን ሙሉ ዋልኩ። በመጨረሻ የወንድሜን የሰርግ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ አስተላልፌ ከእሷ ላይ አጠፋሁት። ከዚያ ፍላሹ ጠፋ፤ ስለዚህ ጉዳይ ወንድሜና እኔ አሁንም አልተነጋገርንም። ካሜራዋ በጭስ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ ያስመስለኛል። ስክሪኗ ፀሐይ ላይ ሲከፈት ከጽሑፉ ይልቅ የራሴ ፂም ነው የሚታየኝ።

ግን ከእነዚህ ውስጥ ሰባት ባለመሆኗ የመጣ አንድ ጥሩልኝ። ራም ማነስ ራም ማነስ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አይ ሰቨንም እንዲሁ ይቆማል። የማከማቻ ማነስን ሰባት አያሰፋውም። የስክሪን ድብዝዝነትን ሰባት አያበራውም። ባትሪንማ እንዲያውም ይበላል። ሰው መጠየቅ ያለበትን ሁሉ ትቶ፣ ራሙ ስንት ነው፣ ሊጨመር ይችላል ወይ፣ ባትሪው መቼ ተቀየረ፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ትውልዱ ስንተኛ ነው ሳይል፣ ምንም የማይነግረውን አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አርክቴክቱና ቪዲዮ አቀናባሪው ይግዙ፤ ማን ከለከላቸው። እነሱም ቢሆኑ ስንተኛው ሰባት እንደሆነ ይጠይቁ።

ትንሽን መናቅ አዲስ አይደለም። የታይዋኑ አሱስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባለ 7 ኢንች ስክሪን፣ ባለ 4 ጊጋባይት ማከማቻ፣ አንድ ኪሎ የማይሞላ ኢ ፒሲ የተባለ ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣም መጫወቻ ተብሎ ነበር። በዓመቱ ከታላላቆቹ ብዙዎቹ እየተሻሙ ቢጤዋን ሠሩ። በዚያው ሰሞን፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላት፣ ሁለት ጆሮ እንደ ጥንቸል የቆሙላት፣ ለልጆች የተሠራችው ኤክስ ኦ በሺዎች ተቆጥራ ወደ እኛም ትምህርት ቤቶች ገብታ ነበር። እሷስ መጫወቻ ብትመስልም አይፈረድባትም፤ የተሠራችው ለሕፃን ነው። የኔዋ ግን የአንድ ጎልማሳ እንጀራ ናት።

ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስሙን ያወጣው ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ማብቂያ ላይ አዲሶቹን ፕሮሰሰሮች «ኮር አልትራ» ብሎ «አይ» የምትለዋን ፊደል ጥሏታል። ባለቤቱ የጣለውን ማዕረግ እኛ መገናኛ ላይ አንስተን ዋጋ ጨምረን እንሸጠዋለን። ልጁ ራሱ ሱቁን የሚያስተዳድረው በስልኩ ነው፤ ዕቃ የሚያስተዋውቀው በስልኩ፣ ሒሳብ የሚቀበለው በስልኩ። ደረሰኝ የሚቆርጠው በእስክሪብቶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት ሰባት የሚባሉት ሁለት ላፕቶፖች ከጠዋት ጀምሮ የዘፈን ክሊፕ ያጫውታሉ። መጫወቻ ማለት እንግዲህ ይኼ ነበር።

ይህን ሁሉ በዚያ መልክ አላልኩም፤ ግማሹን እንኳ አልተናገርኩትም። ለእናትየው ግን «እባክዎ በዚህ ዋጋ አዲስና ቀላል ይገኛል፣ ሌላም ሱቅ ይጠይቁ» አልኳቸው። እሳቸው ዞር ብለው የእኔዋን አዩ። ሆዷ ተከፍቶ፣ ብሎኖቿ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ተሰብስበው፣ አንጀቷ ወጥቶ ተኝታለች።

«ወንድሜ፣ ልጁ እኮ ባለሙያ ነው» አሉኝ በትሕትና፤ ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ልጅቷ ላፕቶፑን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ቻርጀሩን እናቷ ይዘው ደረጃውን ወረዱ። ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ልጁ ቆጥሮ ገንዘቡን መሳቢያ ከተተና ወደ እኔዋ ተመለሰ። ትንሽ ነካካት፣ ትንሽ በየደባት፣ ዘጋት። ሰካት፤ መብራቷ በራ። ገመዱን ነካ ሲያደርገው ጠፋ።

«ሐሙስ ይምጡ ጋሼ» አለኝ። «ዕቃው ትንሽ ስለሆነ እጅ አያስገባም።»