የሩቅ ዘመዶች የቅርብ ሒሳብ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረታችን እውነትነቱ በብዙ የተፈተነ ነው። ነገር ግን የሩቁ ዘመድ ራሱ ዝምድናውን አስታውሶ ደጃፋችንን ያንኳኳ እንደ ሆነ፤ ለዝምድናው ማስረጃ አድርጎ የያዘውም ከገዛ ቤታችን የወጣ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ፤ ምን ብለን ልንቀበለው ይገባል? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን በግንቦት ወር 2010 የወጣው «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የተባለው የሙዚቃ አልበም ሲሆን፤ ትርጉሙም «የሩቅ ዘመዶች» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፤ ከአንድ አዋጅ ቁጥር በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአልበሙ ባለቤቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዴሚያን ማርሊ፤ ከቦብ ማርሊ ወንዶች ልጆች ታናሹ፤ በ1978 የተወለደና አባቱ በ1981 ሲሞት ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው የጃማይካ ድምፃዊ ነው። ሁለተኛው ናስ በሚል ስም የሚታወቀው የኒው ዮርክ ራፐር ሲሆን፤ አባቱ ኦሉ ዳራ የጃዝ ሙዚቀኛ ነው። ሁለቱ በ2005 በአንድ ዘፈን ከተገናኙ በኋላ፤ ከአምስት ዓመት ቆይታ ቀጥሎ ሙሉ አልበም አወጡ። ሬጌው፤ ዳንስሆሉና ሂፕ ሆፑ በአንድ ማዕድ የቀረቡበት ሥራ ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ቅልቅል «ለገበያ ተብሎ የተበረዘ ሬጌ ነው» ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። ታሪኩን ስንመረምር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። በኪንግስተን ከተማ በየመንደሩ ትላልቅ ድምፅ ማጉያ ተክሎ ሕዝብ ማስጨፈር የቆየ ልማድ ነው። በዚያም ሸክላው ሲዞር፤ ዩ ሮይን የመሳሰሉ ሰዎች ድምፅ ማጉያ ጨብጠው በዜማው ላይ ቤት እየመቱ ይናገሩ ነበር። ከዚያችው ከተማ በ1967 ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረ ክላይቭ ካምቤል የተባለ ልጅ፤ ኋላ ኩል ሄርክ ተብሎ፤ ነሐሴ 11 ቀን 1973 በብሮንክስ ሠፈር ያጫወተበት ጭፈራ የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ ይታሰባል። ጃማይካ በቀሩትም ዘንድ ያው ልማድ አድጎ ዳንስሆል ሆነ፤ በ1985 ደግሞ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ የተሠራው የዌይን ስሚዝ ዘፈን መልኩን ጨርሶ ለወጠው። እንግዲህ ራፕና ዳንስሆል ከአንድ ግቢ ወጥተው በሁለት አገር ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። ዴሚያንና ናስ በመክፈቻው ዘፈን አንዱ የጀመረውን ሐረግ ሌላው እየነጠቀ ሲጨርሰው፤ የጃማይካው አነጋገር ከኒው ዮርኩ ጋር ያለ ግጭት የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንመለስ። የዚሁ የመክፈቻ ዘፈን መሠረት የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ከቆየው ቀረጻ ጥቂቱ ተቆርጦ ይዞራል፤ ሁለቱም በላዩ ይናገራሉ። «ትዕግሥት» የሚል ስም ያለው ዘፈን ደግሞ ከማሊዎቹ ዐይነ ሥውራን ባልና ሚስት፤ ከአማዱና ከማርያም፤ የተወሰደ ነው። ሞቃዲሾ የተወለደው ኬናንም በአልበሙ ውስጥ ድምፁን ሰጥቷል። በርእሱ የተነገረው ዝምድና በቃል ብቻ ሳይቀር በሥራ ተገልጿል ብለን የምንመሰክረው በዚህ ነው።

ጉድለቱን ግን አንሸሽግም። የሟቹን የዴኒስ ብራውንን ድምፅ የያዘውና ስለ ተስፋይቱ ምድር የሚናገረው ዘፈን፤ የአፍሪካን አገሮች ከአሜሪካ ከተሞችና ክፍላተ አገር ጋር አንድ በአንድ ያመሳስላል። ምኞቱ ቅን ነው። ዳሩ ግን የአፍሪካ ተስፋ በአሜሪካ መብራትና መኪና ከተለካ፤ መለኪያውን ያው የፊተኛው ጌታ እንደ ያዘ ቀረ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ዘፈን የክብር ሥፍራ ስለ ተሰጣት ብቻ ደስ ብሎን የምናልፍ ከሆነ፤ እኛም የጥፋቱ ተካፋዮች ነን።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ የሚከተለው ነው። የሙላቱ ዜማ ከእነዚህ ሰዎች ጆሮ በምን መንገድ ደረሰ? የሙላቱ የ1969–1974 ሥራዎች በ1998 ፓሪስ ላይ «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ሆነው ታተሙ። በ2005 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ፊልም ዜማዎቹን ለዓለም አሰማ። ሸክላዎቹን በዘመናቸው ለማሳተም እንደ ዐምሃ እሸቴ ያሉ ወጣቶች የመንግሥቱን ብቸኛ የአሳታሚነት መብት ተጋፍተው ነበር፤ ለዓለም ገበያ መልሶ ያቀረባቸው ግን የባሕር ማዶ ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢውን ልናመሰግነው እንጂ ልንወቅሰው አይገባም፤ ወቀሳው መዝገብ ላላበጀነው ለእኛ ነው።

ይህም የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ለተጫዋቹና ለድምፅ ቀረጻው አዘጋጅ የተወሰነው ግን 50 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት በ1970 ግድም የታተመ ቀረጻ ጊዜው አልፎበታል። ደራሲው ገና ይጠየቃል፤ መለከት የነፋውና ከበሮ የመታው ግን፤ ብዙዎቹ ከክብር ዘበኛ፤ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓዶች የወጡ ሰዎች፤ ገንዘቡ ቢቀርባቸው ስማቸው እንኳ የሚቀመጥበት ሰነድ ያስፈልጋቸዋል። ስምን የሚያቆይ የገንዘብ ጥያቄ ሳይሆን የመዝገብ ሥራ ነውና።

ስለዚህ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ሲመርጥ፤ ወጣቱ ባለ ሥልጣንም በመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት የተከማቸ ቴፕ ሲያገኝ፤ በዚያ ላይ ማን እንደ ተጫወተ፤ መቼና የት እንደ ተቀረጸ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ይጻፍ። በኪንግስተንና በኒው ዮርክ ያሉት ዘመዶቻችን የተዋሱትን አሳምረው ሠርተውበታል። እኛ ያበደርነውን የማናውቅ አበዳሪዎች ሆነን ልንቀር አይገባም።